ቀስ ብሎ የሚያስፈራ የመንፈስ ፊልም ደብረ ማርቆስ ላይ ለምን አልያዘም? ለአንድ የፊልም ምሽት አዘጋጅ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ደብረ ማርቆስ ነው የማስተምረው፤ በሳምንት አንድ ቀን ለወጣቶች የፊልም ምሽት አዘጋጃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ኒኮል ኪድማን የምትሠራበትን ‹ዘ አዘርስ› አሳየሁ። ከቢሮ የተዋስነው ፕሮጀክተር፣ የአቡጀዲ ስክሪን፣ ለሠርግ የሚከራይ ሁለት ሞንታርቦ እና ንግግሩን በማይክ ወደ አማርኛ የሚመልስ አንድ ልጅ ነበረን። ፖስተሩ ላይ ‹በጣም አስፈሪ! ልቡ ደካማ የሆነ አይምጣ› ብለን ጻፍን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰው መውጣት ጀመረ። ልጅቷ ነጭ ልብስ ለብሳ ወለል ላይ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። ሲያልቅ ‹ተታለልን› ያሉ ነበሩ። ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም። አንድ አባት ‹ሙት መጥራት ለልጅ ይታያል ወይ?› ብለው ተቆጡኝ። ፊልሙ ለጎጃም ሰው አይሆንም ማለት ነው? ወይስ የመጀመሪያውን 25 ደቂቃ ቆርጬ ልድገመው?»

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ አይቁረጡት። «ለጎጃም ሰው አይሆንም» የሚለውንም ሐሳብ ለጊዜው ይተዉት። ከጻፉልን እንደሚታየው የወጡት፣ ያወሩትና «ተታለልን» ያሉት ሰዎች ምላሽ የሰጡት ለአዳራሹ ብርሃን፣ ለድምፁና ፖስተሩ ላይ ለተገባላቸው ቃል ነው። ፊልሙን በሚገባው ሁኔታ ገና አላዩትም። የልጆቹ ፍርሃትና የአባታችን ቁጣ ግን ለፊልሙ የተሰጡ እውነተኛ ምላሾች ስለሆኑ ለብቻቸው እመለስባቸዋለሁ። መጨረሻውን ሳልናገር ይህን ማስረዳት አይቻልም፤ ፊልሙን ያላየ አንባቢ ቢያንስ አንድ ጊዜ አይቶት ይመለስ።

መጀመሪያ ስለ መቁረጡ። ጎቲክ የሚባለው የመንፈስ ፊልም አሮጌ ትልቅ ቤት፣ የተቆለፈ ክፍልና ያለፈ ዘመን በደል ይዞ ይነሣና ፍርሃቱን በሕግ ይገነባል። «ዘ አዘርስ» እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ፣ አሌሃንድሮ አሜናባር ጽፎ ያዘጋጀው፣ ሙዚቃውንም ራሱ የደረሰው ፊልም ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1945 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በጀርዚ ደሴት ይጀምራል። ባሏ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰላት እናት ሁለት ልጆች አሏት፤ ልጆቹ ብርሃን አይችሉም። ስለዚህ መጋረጃ ሁሉ ይዘጋል፣ አንዱ በር ሳይቆለፍ ሌላው አይከፈትም። እርስዎ ሊቆርጡት ያሰቡት 25 ደቂቃ እነዚህን ሕጎች ለተመልካቹ የሚያስጠናው ክፍል ነው። በኋላ አንድ ጠዋት መጋረጃዎቹ በሙሉ ተነቅለው ሲገኙና ልጆቹ ሲጮኹ፣ ሕጉን የያዘ ተመልካች ከወንበሩ ይነሣል፤ ያልያዘው የሚያየው ጨርቅ የሌለው መስኮት ብቻ ነው። ፒያኖው ከተቆለፈ ክፍል ሲሰማም እንዲሁ ነው። እናትየዋ ገብታ ማንም እንደሌለ ታያለች፣ ክዳኑን ትቆልፋለች፤ በሩ ፊቷ ላይ ይዘጋል፣ ስትመለስ ክዳኑ ተከፍቶ ይጠብቃታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ መንፈስ አልታየም፤ የታየው የተጣሰ ሕግ ነው።

ጎጃም ውስጥ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ዲማ ባሉበት አገር ሰሙን ያልያዘ ወርቁን እንደማያገኝ ልጁ ሁሉ ያውቃል። ወደ ቤቱ የሚመጡት ሦስት አገልጋዮች በመጀመሪያው ቀን «ድሮም እዚሁ ቤት እንሠራ ነበር» ሲሉ ተራ ንግግር ይመስላል። እ.ኤ.አ. 1891 የተጻፈበት የሙታን ፎቶግራፍ ወጥቶ ሦስቱም ፊታቸው ሲታይ ግን ያ ተራ ዓረፍተ ነገር ተገልብጦ ይመጣል። የመጀመሪያው ንግግር ከተቆረጠ ሁለተኛው የሚገለብጠው ነገር አይኖርም። ለሚቀጥለው ማሳያ እንዲያውም ተመልካቹን አስቀድመው «በሩን፣ መጋረጃውንና ቁልፉን ተከታተሉ» ይበሉት። ይህ ምሥጢሩን አያወጣም፤ ዓይንን ግን ሥራ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ሳቁ። የነጭ ልብሱ ትዕይንት ተመልካች የሚከፋፈልበት ቦታ ስለሆነ ቀረብ ብለን እንየው። ልጅቷ የመጀመሪያ ቁርባን ልብሷን ለብሳ፣ ዓይነ ርግብ ፊቷ ላይ ጥላ፣ ወለሉ ላይ በአሻንጉሊት ትጫወታለች። እናትየዋ ከኋላ ትመጣለች። ድምፁ የልጅቷ ነው፤ ካሜራው ወደ እጁ ሲወርድ ግን እጁ የአሮጊት ነው፣ የተጨማደደና ደም ሥሩ የወጣ። ልብ ይበሉ፣ ፊልሙ እዚህ ጋ አይቸኩልም። ተመልካቹ እጁን ራሱ እንዲያገኘው የአንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ይሰጠዋል። አዳራሽ ውስጥ በዚህ ቅጽበት ሦስት ዓይነት ሳቅ ይሰማል፤ ካልለዩአቸው ስለ ፊልሙ የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ይደርሳሉ።

አንደኛው የመተንፈሻ ሳቅ ነው። ድንጋጤው ካለፈ በኋላ ይመጣል፣ አዳራሹን ሁሉ ይይዛል፣ አጭር ነው፣ ወዲያው ከበፊቱ የበለጠ ጸጥታ ይከተለዋል። ይህ ፊልሙ እንደሠራ ምልክት ነው። ሁለተኛው የሀፍረት ሳቅ ነው። ድንጋጤው ከመምጣቱ በፊት ይነሣል፣ አብረው ከተቀመጡ ጎረምሶች መካከል ነው፣ አንዱ ፈርቶ እንዳይታይ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። መድኃኒቱ አቀማመጥ ነው። ሦስተኛው የመናቅ ሳቅ ነው። ይረዝማል፣ ወሬ ይታከልበታል፣ ትዕይንቱ ካለፈ በኋላም አይቆምም፤ የሚመጣውም ሰው የሚያየው ነገር የውሸት ሲመስለው ነው። በእርስዎ አዳራሽ የተሰማው ሳቅ «ከኋላ በኩል የፈነዳ» ስለሆነ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ በከፊልም የተርጓሚው ልጅ ድምፅ ያመጣው ነው። በማይክ «እንዴ! እጇን እዩት፣ አሮጊት ናት!» ከተባለ ተመልካቹ ራሱ የሚያገኘው ነገር አይቀርለትም።

ስለ አቀማመጡ፦ ፍርሃትም ሳቅም ይጋባል። 70 ሰው 200 ወንበር ባለው አዳራሽ ውስጥ ከተበተነ ቀዝቃዛ ነው፤ ሁሉም የጎረቤቱን ዝምታ አይሰማም። የኋላ ረድፎችን በገመድ ዝጉና ሰዉን መካከል ላይ አንድ ላይ አስቀምጡት። ቡድን ሆነው የሚመጡ ልጆችን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ በታላላቆች መካከል ብታስገቡ ያ የመጀመሪያው ሳቂ ተከታይ ያጣል። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነ ማታ ይበርዳል፤ የበረደው ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ወንበሩ ይንጫጫል፣ ቶሎም ይወጣል። ጋቢና ብርድ ልብስ ይዘው እንዲመጡ ፖስተሩ ላይ ይጻፉ። ባሕር ዳር ላይ ያለ አዘጋጅ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ በሙቀቱ መስኮት ይከፈታል፣ በመስኮቱም ብርሃንና የባጃጅ ድምፅ ይገባል። እሱ መስኮቱን ከፍቶ ከውጭ በኩል ጥቁር ሸራ ከግድግዳው ትንሽ አርቆ ቢወጥር አየሩ ይገባል፣ ብርሃኑ ይቀራል።

ብርሃን ላይ ረዘም ልበል፤ በዚህ ዓይነት ፊልም አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነውና። ሰው «አይታይም» ሲል ኦፕሬተሩ ብራይትነስ ይጨምራል። ያኔ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ የሻማው ክፍል ጭስ የሞላበት ይመስላል፣ ጨለማው ውስጥ ሊኖር የሚችለው ነገር ሁሉ ይሞታል። ቁጥሩን እንየው። 3000 ሉመን (የሚያወጣው የብርሃን መጠን) የተጻፈበት የቢሮ ፕሮጀክተር በ3 ሜትር ወርድ ስክሪን ላይ፣ ማለትም በ5 ካሬ ሜትር ገደማ ላይ፣ 600 ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) ያህል ይጥላል፤ ከነጭ ስክሪን ሲመለስ 190 ኒት (ዓይን የሚያየው የስክሪን ድምቀት መለኪያ) አካባቢ ነው። በአምፖሉ እርጅናና በአቡጀዲው መሳሳት ግማሹን ቢያጡት እንኳ 90 ይቀርዎታል። ለሲኒማ ቤት የተቀመጠው መለኪያ 48 ኒት ነው። ብርሃን አላነሰዎትም፤ ያነሰዎት ጨለማ ነው። በበሩ ስንጥቅ የሚገባ የመንገድ መብራት ስክሪኑ ላይ 5 ሉክስ ብቻ ቢያርፍ ጥቁሩን ወደ 1.6 ኒት ያነሣዋል፤ የሻማ ትዕይንቶቹ ጥላ በብዛት ከዚያ በታች ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ፕሮጀክተሩን ከ«ዳይናሚክ» ወይም «ፕረዘንቴሽን» ወደ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ይቀይሩት፤ አምፖሉን «ኢኮ» በሚለው ቆጣቢ መጠን ላይ ያድርጉት፣ ማራገቢያውም ድምፁ ይቀንሳል። ከዚያ ጥቁር ምስል ከፍተው ብራይትነስን እስከ ታች ያውርዱና ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ጥቁሩ ወደ ግራጫ መቀየር ሲጀምር አንድ ነጥብ ይመለሱ። ላፕቶፑ በኤችዲኤምአይ ከተገናኘ «ሬንጅ» የሚለው በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንዱ «ፉል» ሌላው «ሊሚትድ» ከሆነ ወይ ጥቁሩ ይነጣል ወይ ጥላው ሁሉ አንድ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በትልቅ ቴሌቪዥን የሚያሳይ ሰው ምስሉን የሚያለሰልሰውን «ሞሽን» የሚል ማስተካከያ ያጥፋ፤ ፊልሙን የድራማ ቀረጻ ያስመስለዋል። ቅጂውም ወሳኝ ነው። ወደ 700 ሜጋባይት የተጨመቀ ቅጂ ፊት ላይ ደህና ይመስላል፣ ጨለማው ላይ ግን አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይንቀሳቀሳሉ። የመናቅ ሳቅ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ከአቡጀዲው ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ይለጥፉ፣ ብርሃኑ አልፎ እንዳይሄድ። ለስላሳ፣ የማያብለጨልጭ ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ካለ ግን ከአቡጀዲ ይሻላል። በስክሪኑ ግራና ቀኝ ቢያንስ አንድ ተኩል ሜትር ያህል ግድግዳውን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑ፤ ነጭ ግድግዳ የስክሪኑን ብርሃን መልሶ ስክሪኑ ላይ ይጥለዋል። የሰው ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ሰው ስልኩን ቢያበራ በዙሪያው ያሉት የለመዱትን ያጣሉ፤ ስለዚህ ስልክ ማጥፋት የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአዳራሹን መብራት ፊልሙ ከመጀመሩ 10 ደቂቃ አስቀድመው ዝቅ ያድርጉ። መግቢያው ላይ ከውስጥ በኩል በአንድ ሜትር ርቀት ሁለት ወፍራም መጋረጃ ይስቀሉ፤ የሚወጣ ሰው የመጀመሪያውን ከኋላው ሳይዘጋ ሁለተኛውን እንዳይገልጥ አንድ ልጅ በር ላይ ይቁም። የፊልሙ ቤት ሕግ ለአዳራሹም ይሠራል።

ጊዜውም አለ። ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት ተኩል ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ብላ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ቢጀምሩ ውጭው ጨልሟል፣ ፊልሙም 100 ደቂቃ ያህል ስለሆነ 3 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ያልቃል። ቅዳሜ ማታን ግን ይተዉት፤ በማግሥቱ ቅዳሴ የሚሄድ ቤተሰብ ልጁን ይጠራል፣ ያ መውጣትም ለፊልሙ የተሰጠ ምላሽ ይመስልዎታል። አርብ ይሻላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ቆርቆሮ ጣሪያ ባለውና ኮርኒስ በሌለው አዳራሽ ይህን ፊልም አያሳዩ። ዝናቡ ከመጣ ንግግሩ አይሰማም፣ ዝምታውም የለም።

ድምፅ ላይ የሚሠራው ጥፋት ደግሞ ከሠርግ ይመጣል። ሞንታርቦው የተከራየው ለጭፈራ ስለሆነ ቤዙ ተጭኖበት ነው የሚደርሰው። ሚክሰሩ ላይ ቤዝና ትሬብል የሚሉትን ሁሉ መካከል ላይ ይመልሱ፣ ኤኮ የሚል ካለ ያጥፉ። ስፒከሮቹን ከስክሪኑ ግራና ቀኝ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ከፍ አድርገው ያቁሙ፤ ከተመልካች ኋላ ከሆኑ ሹክሹክታው ከአንድ ቦታ ከንፈሩ ከሌላ ቦታ ይመጣል። በ5.1፣ ማለትም በስድስት ቻናል፣ የተቀረጸ ድምፅ ውስጥ ንግግሩ ያለው በመካከለኛው ቻናል ነው። ማጫወቻው የግራና የቀኙን ብቻ ካወጣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ንግግሩ ይሰምጣል፤ ሰው «ምን አለች?» እያለ ይጠያየቃል፣ ወሬው ከዚያ ይጀምራል። ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ላይ ኦዲዮ የሚለው ዝርዝር ውስጥ ገብተው ስቴሪዮ ይምረጡና የአንድ ደቂቃ ንግግር ከኋለኛው ወንበር ያዳምጡ።

ሌላው ሁሌ የሚረሳው «ዝዝዝ» የሚለው ድምፅ ነው። ላፕቶፑ ቻርጀሩ ላይ ተሰክቶ ከሚክሰሩ ጋር ሲገናኝ የ50 ኸርዝ የመብራት መስመር ድምፅ ወደ ስፒከሮቹ ይገባል። በጭፈራ ቤት ማንም አይሰማውም፤ እዚህ ግን ዝምታውን ሁሉ ይሞላዋል፣ ዝምታ የሌለው የመንፈስ ፊልም ደግሞ ሥራውን አጥቷል። ባትሪውን ሞልተው ቻርጀሩን ነቅለው ያጫውቱ፤ ካልሆነ በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል ይህን ድምፅ የሚያግድ ዲአይ ቦክስ የሚባል ትንሽ ሳጥን ያስገቡ። የድምፁን መጠን አንድ ጊዜ ብቻ ይወስኑ። በስልክ መለኪያ መካከለኛው ወንበር ላይ ንግግሩ ከ60 እስከ 65 ዴሲቤል ከሆነ ድንጋጤዎቹ ራሳቸው ከፍ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አይንካው። ጸጥ ያለ ትዕይንት ላይ ድምፅ የሚጨምር ኦፕሬተር ቀጣዩን የበር ድምፅ ወደ ጩኸት ይቀይረዋል፤ ያ ጆሮ የሚያሳምም ድንጋጤ ነው፣ ሰውም ይቆጣል።

መብራት ቢጠፋስ? ጀኔሬተሩ ከሕንፃው ጀርባ፣ ቢቻል 30 ሜትር ርቆ ይቁም። ፕሮጀክተሩና ላፕቶፑ በ1000 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ቢሰኩ ጀኔሬተሩ እስኪነሣ ይቆያሉ፣ አምፖሉም ሳይቀዘቅዝ አይጠፋም። ሞንታርቦዎቹን ዩፒኤሱ ላይ አይሰኩ፣ ባትሪውን ይበሉታል። ሲመለስ ካቆመበት ሰከንድ አይቀጥሉ፤ ወደ ትዕይንቱ መጀመሪያ፣ ማለትም ሦስት አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ይመልሱት።

አሁን ወደ ተርጓሚው ልጅ። በትርጉም ፊልም የለመድነው ተራኪ ለድብድብና ለፍቅር ፊልም ጥሩ አጋር ነው፤ እዚህ ግን ሁለት ነገር ያጠፋል፤ ዝምታውን ይሞላል፣ የገጸ ባሕርይውን ሐሳብም ቀድሞ ይናገራል። ንግግሩን በጽሑፍ ይተርጉሙት። ልጁን አያባርሩት፤ ጽሑፉን እሱ ይሥራው። ፋይሉ ሲቀመጥ ዩቲኤፍ-8 የሚለው የፊደል አቀማመጥ ካልተመረጠ ፊደሉ በባዶ ሳጥን ወይም በተዘበራረቀ ምልክት ይወጣል፤ ቪኤልሲ ላይም ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የመሰለ የፊደል ዓይነት ይምረጡ። ቀለሙን ከነጭ ወደ ፈዛዛ ግራጫ ይቀይሩት፤ ደማቅ ነጭ ጽሑፍ በጨለማ ትዕይንት ላይ ከስክሪኑ ሁሉ የበራው ነገር ሆኖ ዓይንን ይስባል። ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ አንድ መስመር 25 ፊደል ያህል ይበቃል፣ በሰከንድም ከ8 ፊደል በላይ አያስነብቡ። ዋናው ሕግ ግን ጽሑፉ ከድምፁ አንድ ቅጽበት እንኳ እንዳይቀድም ነው። «ልጄ አይደለሽም!» የሚለው ቃል እናትየዋ ከመናገሯ በፊት ከታች ከተነበበ ትዕይንቱ ተሸጧል። ማንበብ የሚከብዳቸው ሰዎች ካሉ ከፊልሙ በፊት በሦስት ደቂቃ እናትየዋን፣ ሁለቱን ልጆችና ሦስቱን አገልጋዮች በፎቶ ያስተዋውቁ።

ፖስተሩን በተመለከተ እውነቱን ልናገር፤ «ተታለልን» ያሉት ሰዎች ተታለዋል። «በጣም አስፈሪ» የሚል ያየ ሰው ደምና ጩኸት ጠብቆ ነው የመጣው። ይህ በትልልቆቹም ገበያ ይደርሳል። ሲኒማስኮር የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ፊልም በተከፈተበት ምሽት ከአዳራሽ የሚወጡ ሰዎችን ውጤት ያሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የጊየርሞ ዴል ቶሮ «ክሪምሰን ፒክ» ከእነሱ ያገኘው ቢ ማይነስ ነበር። ዴል ቶሮ ራሱ ጎቲክ የፍቅር ታሪክ ነው እያለ፣ ማስታወቂያው የሸጠው ግን እንደ አስፈሪ ፊልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ሄሬዲታሪ» ሐያስያን እያሞገሱት ከመጀመሪያው ምሽት ተመልካች ዲ ፕላስ ወሰደ። የመጀመሪያው ምሽት ውጤት በብዛት የሚለካው በተነገረውና በታየው መካከል ያለውን ርቀት ነው። የእርስዎ ፖስተር «በአንድ የተዘጋ ቤት ውስጥ የሆነ የምሥጢር ታሪክ። ደም የለበትም። ቀስ ይላል» ቢል የሚመጣው ሰው ያንሳል፣ የሚወጣው ግን ከዚያ የበለጠ ያንሳል።

ልጆቹስ? እዚህ ላይ ጠንከር እላለሁ፤ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያለ ወላጅ መግባት አልነበረበትም። የእንግሊዝ የፊልም መዳቢ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ «ዘ ውማን ኢን ብላክ» 134 ቅሬታ ደርሶታል፤ የዓመቱ ከፍተኛው ነበር። ያውም አከፋፋዩ ዝቅተኛ የዕድሜ ምደባ ለማግኘት ስድስት ሰከንድ ያህል ቆርጦ፣ አንዳንድ ምስል አጨልሞ፣ ድምፅም ቀንሶ ነው። ዋና ተዋናዩ ዳንኤል ራድክሊፍ በሃሪ ፖተር የሚታወቅ ስለነበር ልጆች ጎረፉ። ፍርሃትን ከፊልም ቆርጦ ማውጣት እንደማይቻል ከዚህ ይታያል፤ ከባቢው ሁሉ ፍርሃት ነውና። የ«ዘ አዘርስ» ጉዳይ ደግሞ ከመንፈስ ይከብዳል፤ መጨረሻው ላይ እናትየዋ ልጆቿን በትራስ አፍና ገድላ ራሷን እንደገደለች ይታወቃል። ለልጅ የሚከብደው አሮጊቷ ሳትሆን ይህ ነው። ከ14 ዓመት በታች አያስገቡ። ላልተኙት ሁለት ልጆች «መንፈስ የለም» ብሎ ማባበል አይበቃም፤ የትኛው ምስል በአእምሯቸው እንደቀረ ይጠይቋቸው፣ እናትየዋን ካነሡ ከወላጅ ጋር ሆነው ስለ እሷ ያናግሯቸው። ፊልሙ እንዳለቀ መብራቱን በአንድ ጊዜ ቦግ አድርገው አይበትኑ፤ በዝቅተኛ መብራት ሩብ ሰዓት ያወያዩና በቡድን በቡድን ይላኳቸው፣ ማንም በጨለማ ብቻውን አይሂድ።

የአባታችንን ቁጣ በአክብሮት ይቀበሉት፤ የተናገሩት ነገር መሠረት አለው። ዘዳግም 18 ሙት መጥራትን በግልጽ ይከለክላል፤ በአንደኛ ሳሙኤል 28 ሳኦል ወደ ዓይንዶሯ ሴት ሄዶ የሆነውን ያውቁታል። ፊልሙ ውስጥ ያለው የሙት መጥራት ትዕይንት ግን አያስተምርም፣ አያበረታታምም፤ የሚታየውም ከተጠሩት፣ ማለትም መሞታቸውን ሳያውቁ በቤቱ ከሚኖሩት ከእናትየዋና ከልጆቿ ወገን ነው፣ ጠሪዎቹ ሕያዋን ናቸው። ይህንን አስቀድመው ሄደው ይንገሯቸው፤ ከተቆጡ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው። እንዲያውም የጎጃም ተመልካች ብዙ ጊዜ «ቄስ ለምን አይጠሩም?» ብሎ የሚያነሣውን ጥያቄ ፊልሙ ራሱ ያነሣዋል። እናትየዋ ቤቱን እንዲባርክላት ቄስ ፍለጋ ጉም ውስጥ ትወጣለች፣ አትደርስም። ይህን ትዕይንት እንዲያስተውሉት ይንገሯቸው።

መጨረሻው ላይ የሚነሣው ግራ መጋባትም ከዚሁ ይመጣል። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው በፍትሐት፣ በአርባው፣ በተዝካር ይሸኛል፤ ቤት ውስጥ የሚያስፈራን በአብዛኛው ቡዳ፣ ዛር ወይም ጋኔን ነው። መሞቱን ሳያውቅ በቤቱ የሚኖር ሰው ለብዙ ተመልካች እንግዳ ሐሳብ ነው፤ ስለዚህ «ታዲያ ነፍሳቸው የት ነበረች?» ብሎ መጠየቅ ፊልሙን አለመረዳት አይደለም። እናትየዋ ካቶሊክ ናት፤ ለልጆቿ ሊምቦ ስለሚባል ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ስለሚቆዩበት ቦታ ታስተምራቸዋለች። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ይህ የለም። በመግቢያው ንግግር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይስጡት። ጉሙ ላይ ግን ብዙ አይጠብቁ፤ ከጮቄ ተራራ ሥር ለመጣ ልጅ ክረምቱን ሙሉ የሚያየው ስለሆነ ጉም ብቻውን አያስፈራውም። የሚይዘው የተቆለፈው ክፍል ነው።

ሲደግሙት ምላሹን ይመዝግቡ፤ «ወደዳችሁት?» የሚለው ጥያቄ ምንም አይነግርዎትም። ለሕዝቡ አስቀድመው ነግረው ስልክዎን ድምፅ እየቀዳ ከስክሪኑ ሥር ያስቀምጡ፣ ፊልሙ ሲጀምር ቀረጻውም ይጀምር። አንድ ረዳት ከፊት በጎን በኩል ተቀምጦ ሰዉን ይመልከት። እጁ ላይ ባለ ወረቀት ስድስት ትዕይንቶች ይጻፉለት፤ የአገልጋዮቹ መምጣት፣ ፒያኖው፣ የጉሙ መንገድ፣ ነጭ ልብሱ፣ የመጋረጃዎቹ መነቀል፣ የሙት መጥራቱ። በየአንዳንዱ ላይ ጸጥታ፣ ሳቅ፣ ወሬ ወይም መውጣት ብሎ ደቂቃውን ይጻፍ። ሳቅ ሲሆን ከድንጋጤው በፊት ይሁን በኋላ ምልክት ያድርግ። ሲወጡ ሁለት ጥያቄ ያለው ቁራጭ ወረቀት ይስጡ፦ «ምን ጠብቀህ መጣህ?» እና «የትኛው ቦታ በአእምሮህ ቀረ?» ሁለተኛውን ጥያቄ ከሳምንት በኋላ ለዚያው ሰው በቃል ይድገሙት። እንዲህ ያለ ፊልም ላይ የሳምንቱ መልስ ከመውጫው መልስ በብዙ ይለያል፤ አብልጠው ማመን ያለብዎት እሱን ነው።

ውጤቱን ሲያነቡ ወሬው ከ10ኛው ደቂቃ በፊት የጀመረ ከሆነ ድምፁን ይመርምሩ፤ ንግግሩ አልተሰማም። ከ20 እስከ 30ኛው ደቂቃ ከሆነ ትርጉሙን ይፈትሹ፤ ሕጎቹ አልደረሱም። ሳቁ ነጭ ልብሱ ላይ ብቻ ከሆነና ከኋላው ጸጥታ ከተከተለው ምንም አይንኩ። ሰው የሚወጣው የጉሙ መንገድ ላይ ከሆነ ግን የፊልሙ ራሱ ዝግታ ነው፤ ያንን በፖስተሩ ካስጠነቀቁ በኋላ የሚወጣውን ሰው በሰላም ይሸኙት።